ሬጅስትራር መስኮት የሚያውቀውን ማሽኑ ያላወቀው፦ የአንድ ድረ ገጽ ረዳት ጉዳይ ከጎጃም

ጎጃም ውስጥ ያለ አንድ የከፍተኛ ትምህርት ተቋም ድረ ገጹ ላይ ጥያቄ የሚመልስ ረዳት አስገባ። ሰው ቻትቦት የሚለው ዓይነት ነው። የዚህኛው ልዩነቱ ጠያቂው ማን እንደሆነ እያየ መልሱን ያስተካክላል መባሉ ነበር። ሥራውን በቅርብ ስከታተለው ስለነበር እንዴት እንደሄደ ልጽፈው ወደድኩ። የተቋሙን ስም አልጠራም። ችግሩ የእሱ ብቻ አይደለምና ስሙ ቢነሳ የሚጨምረው ነገር የለም።

ነገሩ የጀመረው ከሬጅስትራር መስኮት ነው። ግቢ የተማረ ሰው ሁሉ ያንን ሰልፍ ያውቀዋል። ጥቅምት አካባቢ አዲስ ገቢዎች ከነሻንጣቸው ይሰለፋሉ። ምርቃት ሲቃረብ ጂሲዎች (ተመራቂ ተማሪዎች) ክሊራንስ ይዘው ላይ ታች ይላሉ። በመሀል ዓመቱን ሙሉ የቀድሞ ተመራቂዎች ለዲግሪና ለትራንስክሪፕት ይመጣሉ። አብዛኛው ሰው የሚመጣው ለመጠየቅ ብቻ ነው። ከሞጣ ወይም ከቻግኒ ተነስቶ፣ መኪና ተሳፍሮ፣ አልጋ ይዞ አድሮ፣ ጠዋት መስኮቱ ላይ «ይሄ ወረቀት ይጎድልሃል» ተብሎ የሚመለስ ሰው ብርቅ አይደለም። ተቋሙ ይህን መንገድ ለማስቀረት አሰበ። ሐሳቡ ጥሩ ነው።

«ምን ይዤ ልምጣ?»

መስኮቱ ላይ በብዛት የሚሰማው ጥያቄ ይሄ ነው። ጥያቄው አንድ ነው፣ መልሱ ግን እንደ ሰው ይለያያል። ምደባ ደርሶት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመጣ ተማሪ የ8ኛና የ12ኛ ክፍል ሰርተፍኬቱን ኦሪጅናልና ኮፒ፣ የ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ትራንስክሪፕት፣ ጉርድ ፎቶ፣ ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ የትራስ ልብስና የስፖርት ትጥቅ ይዞ ይመጣል። ሬሚዲያል (የማካካሻ ትምህርት ገቢ) ከሆነ ዝርዝሩ ይመሳሰላል፣ መግቢያ ቀኑ ግን ሌላ ነው። አቋርጦ ወጥቶ የሚመለስ ከሆነ የሪአድሚሽን ፎርም አለ። ተመርቆ ኦሪጅናል ዲግሪውን የሚፈልግ ሰው ደግሞ ቴምፖውን፣ ማለትም ጊዜያዊ ዲግሪውን፣ ይመልሳል፣ መታወቂያውን ያሳያል፣ የወጪ መጋራት ክፍያውን ስለመጨረሱ ማረጋገጫ ያቀርባል።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ሌላም ጠያቂ ተጨምሯል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ መሰጠት ስለጀመረ ተፈታኞችም «ምን ይዤ ልምጣ?» ይላሉ። ለእነሱ ዋናው ጉዳይ ይዘው የማይመጡት ነገር ነው። ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው።

መስኮቱ ውስጥ ያሉት ሠራተኞች ይህን ሁሉ በቃላቸው ያውቁታል። ከእነሱ የሚገርመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ጥያቄውን ሰምተው ወዲያው አይመልሱም። ቀና ብለው ሰውየውን ያዩታል። ከዚያ «መቼ የገባህ ነህ?» ይላሉ። ወይም «ለራስሽ ነው ለሌላ ሰው?» ይላሉ። መልሱ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ይህ ልማድ ማንም የጻፈው መመሪያ ላይ የለም። ረዳቱን የሠሩት ልጆችም መጀመሪያ ከቁም ነገር አልቆጠሩትም።

ማሽን የማያነበው ማስታወቂያ

ሥራው ሲጀመር ቡድኑ የድረ ገጹን ጽሑፍ ሰብስቦ ለረዳቱ ሊሰጥ አሰበ። ሲፈልጉ ጽሑፍ የለም! ድረ ገጹ በማስታወቂያ የተሞላ ነው፤ ማስታወቂያዎቹ ግን ፎቶ ናቸው። አንድ ክፍል ማስታወቂያውን ይጽፋል፣ ያትማል፣ ኃላፊው ይፈርምበታል፣ ክብ ማኅተም ይመታበታል፣ ከዚያ ስካን ተደርጎ ይለጠፋል። ማኅተም የሌለውን ማስታወቂያ ሰው ስለማያምን ይህን ማድረጋቸው አያስፈርድም። ለማሽኑ ግን ፎቶ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ጎኑ ተጣሞ፣ ማኅተሙ ቀኑ ላይ አርፎ ስካን የተደረገ ነው።

ፎቶ ያልሆኑት ሰነዶችም ሌላ ጣጣ ነበረባቸው። የቆዩት መመሪያዎች በድሮው የቪዥዋል ግዕዝ ዓይነት ፎንት የተጻፉ ናቸው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የኮምፒውተሮች የጋራ የፊደል ሰንጠረዥ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት ፎንቶች ግዕዙን የሚያሳዩት በላቲን ፊደላትና ምልክቶች ቦታ ላይ እየተሳሉ ነበር። ብዙ ቢሮ ከዚያም በኋላ ለዓመታት ተጠቅሞባቸዋል። ስክሪኑ ላይ ጥሩ አማርኛ ነው። ጽሑፉን ኮፒ ስታደርገው ግን የተዘበራረቀ የላቲን ፊደልና የነጥብ ክምር ይወጣል። ረዳቱ ያነበበው ይህንን ክምር ነው።

በዚህ ምክንያት የመጀመሪያው ትልቅ ሥራ ፕሮግራም መጻፍ ሳይሆን ታይፕ ማድረግ ሆነ። አንዲት የጽሕፈት ሠራተኛ ማስታወቂያዎቹን እንደገና ጻፈቻቸው። እየጻፈች ሳለ የሚጋጩትን አገኘች። አንዱ ማስታወቂያ ሁለት ፎቶ ይላል፣ ሌላው አራት። የትኛው እንደሚሠራ የሚያውቅ ሰው እስኪገኝ ድረስ ከቢሮ ቢሮ ዞረች። በእኔ ግምት የዚህ ፕሮጀክት ግማሹ ጥቅም የተገኘው እዚህ ላይ ነው። ረዳቱ ጨርሶ ባይሠራ እንኳ ተቋሙ እርስ በርሱ የማይጋጭ ዝርዝር በእጁ ቀርቷል።

ፊደሉና አነጋገሩ

አማርኛ መፈለግ የራሱ ችግር አለው። አንዱ «ሠርተፍኬት» ይላል፣ ሌላው «ሰርተፊኬት»። «ዓመት» እና «አመት»፣ «ፀሐፊ» እና «ጸሃፊ» ለሰው አንድ ናቸው፣ ለኮምፒውተር የተለያዩ ናቸው። ስለዚህ ረዳቱ ጥያቄውን ከማየቱ በፊት ሀ፣ ሐ እና ኀን ወደ አንድ፣ ሰ እና ሠን ወደ አንድ፣ አ እና ዐን ወደ አንድ፣ ጸ እና ፀን ወደ አንድ ይመልሳል። ይህ የታወቀ ዘዴ ነው። የጎጃሙ ጠያቂ ደግሞ «ዲግሪየን»፣ «ልጀን» ብሎ ይጽፋል። በሌላ አካባቢ ጽሑፍ የሠለጠነ ዘዴ «ዲግሪዬን» እና «ልጄን» ብቻ ይጠብቃል። «ቴምፖ»፣ «ነን ካፌ»፣ «ግቢ መግቢያ» የሚባሉትንም አንድ በአንድ ማስገባት ግድ ነበር። በየትኛውም ሰነድ ውስጥ «ቴምፖ» የሚል ቃል የለም። መዝገቡ የሚለው «ጊዜያዊ ዲግሪ» ነው። በዚያ ስም የሚጠይቅ ተማሪ ግን አላጋጠመኝም።

ከዚያ በኋላ ያለው አሠራር ብዙም አያስቸግርም። መልሶቹ በአጫጭር ቁራጭ ተከፋፍለው ይቀመጣሉ። እያንዳንዱ ቁራጭ ትርጉሙን ወደሚወክሉ ቁጥሮች ይለወጣል። ጥያቄውም እንዲሁ ይለወጥና የሚቀርበው ቁራጭ ይመረጣል። የቋንቋ ሞዴሉ፣ ማለትም ከረዳቱ ጀርባ ያለው ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ ሥራው ጥያቄውን መረዳት ነው፤ መልስ አይፈጥርም፤ ሰው የጻፈውን መልስ ያነሳል። ይህን የወሰኑት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ሞዴሉ በራሱ ሲናገር የሌለ ፎርም ይጠራል። ሁለተኛ፣ ክፍያው በዶላር ነው፣ አማርኛ ደግሞ ውድ ነው። ሞዴሎች ጽሑፍን እስከ ቃል ክፍልፋይ ድረስ ቆራርጠው ነው የሚያነቡት፣ የሚያስከፍሉትም በቁራጭ ልክ ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል በኮምፒውተር ውስጥ ሦስት ባይት ይይዛል፤ የእንግሊዝኛው አንድ ብቻ። ሞዴሎቹ ያዩት አማርኛም ጥቂት ነው። በዚህ የተነሳ ያው ሐሳብ በአማርኛ ሲጻፍ ቁራጩ ይበዛል፣ ሒሳቡም ይጨምራል። መልሱን ሞዴሉ ባይጽፈው ወጪው ይቀንሳል።

አንድ ኮምፒውተር፣ ብዙ ሰው

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ።

ረዳቱ ጠያቂውን የሚለየው በታሪኩ ነበር። አንድ ሰው የአዲስ ገቢዎችን ገጽ ከከፈተ ብራውዘሩ ላይ ምልክት ይቀመጣል። ሌላ ቀን ተመልሶ «ምን ይዤ ልምጣ?» ሲል ረዳቱ አዲስ ገቢ ነው ብሎ ይመልስለታል። የዲግሪ ገጾችን ያየ ደግሞ ተመራቂ ተብሎ ይቆጠራል። በየድረ ገጹ የተለመደ ዘዴ ነው። የሚሠራው ግን አንድ ማሽን የአንድ ሰው ነው በሚል ግምት ነው።

ቡድኑ መዝገቡን ሲያይ አንድ የማይገባ ጎብኚ አገኘ። ጠዋት አዲስ ገቢ ነው። ረፋድ ላይ ኦሪጅናል ዲግሪ ይፈልጋል። ከሰዓት የማስተርስ አመልካች ይሆናል። ወደ ማታ ሬሚዲያል ይገባል። መጀመሪያ ሲስተሙ ተበላሽቷል ብለው ኮድ ሲመረምሩ ሰነበቱ። ኮዱ ደህና ነበር። ጎብኚው ከግቢው በር ፊት ለፊት ያለ ኮምፒውተር ቤት ነው።

በየከተማችን ያለውን ኮምፒውተር ቤት የማያውቅ የለም። ኮፒ ያደርጋል፣ ፎቶ ያትማል፣ ፎርም ይሞላል፣ ኦንላይን ይመዘግባል። ሰው ገብቶ ጉዳዩን ይናገራል፣ ልጅቷ ትጽፋለች። ገጠር ላይ ደግሞ ስማርት ስልክ ያለው አንድ ልጅ ለጎረቤቱ፣ ለአጎቱ ልጅ፣ ለአስተማሪው ልጅ ይጠይቃል። በአማራ ክልል በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የሞባይል ኢንተርኔት ሲዘጋና መቋረጡ ለብዙ ወራት ሲዘልቅ፣ መስመር ያለው ቢሮ ወይም ቤት ለብዙ ሰው መጠየቂያ ሆኖ ነበር። በእንዲህ ዓይነት ቦታ የማሽኑን ታሪክ ይዞ ሰውን እለያለሁ ማለት መሳሳት ነው።

ስህተቱ ሳቅ ብቻ ቢሆን ባልተጻፈም ነበር። አንድ ሰው ከዚያው ኮምፒውተር ቤት «ዲግሪ ለመውሰድ ምን ያስፈልጋል?» ብሎ አስጠየቀ። ረዳቱ የማሽኑን ታሪክ አይቶ ተመራቂ ነው አለ። ቴምፖ፣ መታወቂያ፣ የወጪ መጋራት ማረጋገጫ ብሎ ዘረዘረለት። ሰውየው ሁሉንም አሟልቶ መጣ። ዲግሪው ግን የእሱ ሳይሆን ሥራ ላይ ሆኖ መምጣት ያልቻለው የታናሽ ወንድሙ ነው። የሌላ ሰው ዲግሪ የሚሰጠው በሰነዶች ማረጋገጫ የተረጋገጠ ውክልና ላቀረበ ነው። መስኮቱ ላይ «ውክልናው የታለ?» ተባለ። ሰውየው ወረቀቱን ዘርግቶ «ድረ ገጻችሁ ያለውን ይኸው አምጥቻለሁ» አለ። ልክ ነው። ረዳቱ ከነገረው ውስጥ አንድም ውሸት የለም። መልሱ ግን የሌላ ሰው መልስ ነበር።

ተቋሙ ውስጥ «ማሽኑ ነው የተሳሳተው» የሚል ማስተባበያ ለጊዜው ተሰምቶ ነበር። ይህ ማስተባበያ ሌላ አገር ፍርድ ፊት ቀርቦ ወድቋል። ካናዳ ውስጥ የኤር ካናዳ ቻትቦት ለአንድ ሐዘንተኛ መንገደኛ ስለ ቲኬት ቅናሽ የተሳሳተ መረጃ ሰጥቶ ክርክር ተነሳ። አየር መንገዱ ቻትቦቱ ለራሱ ተጠያቂ ነው የሚል ዓይነት ክርክር አቀረበ። የብሪቲሽ ኮሎምቢያ የዳኝነት ችሎት በ2024 እ.ኤ.አ. አልተቀበለውም፤ በድረ ገጹ ላይ ላለው መረጃ ሁሉ ኃላፊው አየር መንገዱ ራሱ ነው ብሎ ካሳ እንዲከፍል ወሰነ። የእኛው ሰውዬ ክስ አላሰበም። የጠየቀው የመኪና መሳፈሪያውን ብቻ ነበር፣ እሱንም ማን እንደሚከፍል አልታወቀም።

ከዚሁ ጋር የግላዊነት ጉዳይም ብቅ አለ። ረዳቱ ሰው ተመልሶ ሲመጣ የቀደመ ጥያቄውን ያስታውሰዋል። ኮምፒውተር ቤት ውስጥ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። አንዱ ስለ ውጤት መውረድና ስለ ሪአድሚሽን ጠይቆ ይሄዳል። ቀጥሎ የመጣው ሰው ስክሪን ላይ «ስለ ሪአድሚሽን የጠየቁትን ይቀጥሉ?» የሚል ይወጣል። ከተማው ትንሽ ነው። ከፊትህ የነበረው ማን እንደሆነ አይተሃል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ እንዲህ ያለው ነገር ከነውርነቱም በላይ የሕግ ጥያቄ ነው።

2015 የቱ?

ሌላው ስህተት ከዓመት ቁጥር የመጣ ነው። ለሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ፕሮግራሞች የመውጫ ፈተና የተጀመረው በ2015 ዓ.ም. ነው። ማለፊያው 50 በመቶ ነው። ከዚያ በፊት የተመረቀ ሰው፣ ከጥቂት ሙያዎች በቀር፣ ይህ አይመለከተውም። እንግዲህ አንዷ «በ2015 ነው የጨረስኩት፣ ዲግሪ ለመውሰድ የመውጫ ፈተና ውጤት ያስፈልጋል?» ብላ ጠየቀች። ሞዴሉ 2015ን በፈረንጅ ቆጠረው። በፈረንጅ 2015 ማለት በእኛ 2007 ወይም 2008 ነው፣ ፈተናው ያልነበረበት ጊዜ። «አያስፈልግም» አላት። ትራንስክሪፕት ላይ የፈረንጁ ዓመት፣ ሰው አፍ ላይ የኛው ዓመት ስላለ፣ ሁለቱንም የሚጽፉ ጠያቂዎች አሉ። መገመት አያዋጣም። አሁን ረዳቱ ዓመት ሲያይ «በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ሰዓትም እንዲሁ ነው። ቢሮው ጠዋት 2፡30 ይከፈታል። በእንግሊዝኛ ለሚጠይቅ 8፡30 ብሎ መመለስ አለበት፣ አለበለዚያ ሰውየው በሌሊት ይመጣል፣ ወይም ምሳ ከበላ በኋላ።

ጠያቂውን ምን ብሎ ይጥራ የሚለውም አከራክሮ ነበር። ማሽኑ አንተ ይበል አንቺ አያውቅም። ልጆቹ «እርስዎ» ይደርቃል አሉ። የሬጅስትራሯ ሴትዮ ክርክሩን ባጭሩ ቆረጡት፤ ጠያቂው የተማሪ አባት ቢሆንስ? በቃ፣ «እርስዎ» ሆነ።

ምን ተለወጠ?

የማሽኑ ታሪክ ጨርሶ ተጣለ። ቦታው ላይ የመስኮቱ ልማድ ገባ። ረዳቱ አሁን መልሱ እንደ ሰው በሚለያይ ጥያቄ ላይ መጀመሪያ ይጠይቃል፤ ለራስዎ ነው ለሌላ ሰው? አዲስ ገቢ፣ ተማሪ፣ ተመራቂ ወይስ ተፈታኝ? ከሁለት ጥያቄ በላይ አያበዛም። የሰልፉ ያህል የሚያንገላታ ከሆነ ሰው ዘግቶት ይወጣል። መልሱ በማይለያይበት ላይ፣ ለምሳሌ ቢሮው በስንት ሰዓት ይከፈታል ለሚል፣ ምንም ሳይጠይቅ ይመልሳል። ውይይቱ ሲዘጋ የተባለው ሁሉ ይጠፋል። መላመዱ በዚያች ውይይት ውስጥ ብቻ ሆነ።

ቡድኑ ውስጥ ይህን እንደ ሽንፈት ያዩት ነበሩ። ሳይጠይቅ የሚያውቅ ማሽን ሊሠሩ ተነስተው የሚጠይቅ ማሽን ሠሩ። እኔ አልስማማም። ጠይቆ የሚመልስ ረዳት የሰውየውን ሁኔታ ከራሱ አፍ ይሰማል። ገምቶ የሚመልሰው ግን ሲሳሳት እንኳ ልክ እንደሆነ ሰው ነው የሚናገረው፤ ጠያቂውም ስህተቱን የሚያውቀው መስኮቱ ላይ ሲደርስ ነው።

አንድ ያልተጠበቀ ነገር ደግሞ ከስክሪንሾት መጣ። ሰው መልሱን ፎቶ አንስቶ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ይለጥፈዋል። ለአንድ ተመራቂ የተሰጠው መልስ ለግሩፑ ሁሉ መመሪያ ይሆናል። መልሱ ለጠያቂው በተስተካከለ ቁጥር ለሌላው የማይሆንበት ዕድል ይበዛል። ይህን ልብ ካሉ በኋላ እያንዳንዱ መልስ አናት ላይ አንድ መስመር ተጨመረ፦ «ይህ መልስ የሚያገለግለው ተመርቆ ራሱ ለሚመጣ ሰው ነው» የሚል፣ ከነቀኑ። ፎቶው ሲዞር መስመሩም አብሮ ይዞራል።

እያንዳንዱ መልስ አሁን ባለቤትም አለው። የወጪ መጋራቱን ክፍል የሚመለከተው ሠራተኛ የዚያን መልስ ቀን ያድሳል። ቀኑ ካለፈ ረዳቱ መልሱን መስጠት አቁሞ የቢሮውን ስልክ ይሰጣል። እርግጠኛ ባልሆነበትም እንዲሁ ወደ ሰው ያስተላልፋል። እዚህ ላይ ግን ነገሩ ይላላል። ወደ ሰው የተላለፈውን ጥያቄ የሚቀበሉት ያው የመስኮቱ ሠራተኞች ናቸው። ጥቅምት ላይ ፊታቸው ሰልፍ ቆሞ ኮምፒውተር ላይ ያለውን ማን ያያል? የተቋሙ አመራር ለዚህ የተለየ ሰው አልመደበም። እስኪመድብ ድረስ «ጥያቄዎ ለባለሙያ ተላልፏል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ባይጻፍ ይሻላል ብዬ ነግሬያቸዋለሁ። አሁንም አለ።

በአሁኑ ጊዜ የሚከራከሩት ስለ ድምፅ ነው። ብዙ ወላጅ አይጽፍም፣ ይናገራል። በድምፅ ይጠየቅ የሚሉ አሉ። የጎጃምን አነጋገር ከጫጫታ መሀል ለይቶ የሚሰማ ዘዴ በአቅማቸው ይገኝ እንደሆነ ገና እየሞከሩ ነው። ኮምፒውተር ቤቱ ግን መፍትሔውን አልጠበቀም። ልጅቷ የረዳቱን ሁለት ጥያቄዎች ስለለመደቻቸው ደንበኛው ገና ሲገባ ራሷ ትጠይቀዋለች፣ ከዚያ ትጽፍለታለች።